350ዜድ ላይ የካርበን ኮፈን ልገጥም ነው፤ ክፍተቱ እኩል አልመጣ አለኝ፣ ምን ይሻላል?

ዘብርሃን_350

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት። መኪናዬ በፈረንጅ የ2003 ኒሳን 350ዜድ ናት። ዘመድ ከዱባይ ሲመጣ የካርበን ፋይበር (የካርበን ክር ተሸምኖ በሙጫ የደረቀ) ኮፈን፣ የፖርታባጋሊዮ ክዳንና ከፊት ፓራውልት ሥር የምትታሰር ከንፈር አስመጣሁ። ይህን ቀን ስጠብቅ ነው የኖርኩት።

ኮፈኑን አንድ ጋራዥ ወስደን ስናስቀምጠው ግን ነገሩ እንዳሰብኩት አልሆነም። በግራ በኩል ፊት ለፊት ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ፤ ወደ መስታወቱ ሲጠጋ እየጠበበ ሄዶ ፓራፋንጎውን ሊነካ ደርሷል። በቀኝ በኩል ተቃራኒው ነው፤ ፊቱ ጠባብ፣ ኋላው ሰፊ። የፊት ግራ ጥጉም ብድግ ብሎ ቀርቷል። ሠራተኛው «ችግር የለም፣ የጠበበውን በሞረድ እንበላዋለን፣ የቀረውን ቡሎኑ ሲጠብቅ ራሱ ቁጭ ይላል» አለኝ። አልዋጥልኝ አለ። ኮፈኑን ጭኜ ወደ ቤት ተመለስኩ።

አሁን የምጠይቃችሁ፣ ዕቃው ነው የተበላሸው ወይስ አገጣጠሙ ነው? ደግሞስ የፋብሪካው መቆለፊያ ብቻውን ይበቃል ወይስ ኮፈኑን ከላይ በኩል የሚይዝ ተጨማሪ ፒን ላስገባበት? ቀለም መቀባት አልፈልግም፣ ሽመናው እንዲታይ ነው የምፈልገው፤ ግን የኛ አገር ፀሐይ ያስፈራኛል። ያያችሁትን ንገሩኝ።

ጋሽ_ባቲላሜራ

ልጄ፣ ከሁሉም በፊት ሞረዱን አስቀምጥ። የካርበን ጠርዝ አንዴ ከተበላ እንደ ላሜራ በብየዳ ሞልተህ አትመልሰውም።

መልሱ እዚያው ጥያቄህ ውስጥ አለ። በግራ ፊቱ ሰፍቶ ኋላው ጠበበ፣ በቀኝ ደግሞ ተገላቢጦሽ ሆነ ማለት ኮፈኑ ተጣሞ ተቀምጧል ማለት ነው። አፍንጫው ወደ ቀኝ ዞሯል። ኮፈኑ ትልቅ ቢሆን ኖሮ በሁለቱም በኩል ይጠብብህ ነበር። የማጠፊያዎቹን ቀዳዳ ተመልከት፣ ሞላላ ናቸው። ለዚሁ ሲባል ነው እንደዚያ የተሠሩት። ቡሎኖቹን ሙሉ በሙሉ ሳትፈታ አላላቸውና የቀኙን ወደ ፊት ግፋ፣ የግራውን ወደ ኋላ ሳብ። በሚሊ በሚሊ እያልክ።

ግን ከዚያ በፊት አንድ ነገር አለ፣ ብዙ ልጆች ይዘሉታል። ራዲያተሩ አጠገብ ያለውን መቆለፊያ አውልቀው። መቆለፊያው እዚያ ካለ ኮፈኑ ላይ ያለውን የብረት ቀለበት ወደ ራሱ ይጎትተዋል፣ አንተ ኮፈኑ ቦታውን የያዘ ይመስልሃል፣ ግን በጉልበት የተያዘ ነው። መጀመሪያ ኮፈኑ በራሱ ክብደት ብቻ ይረፍ። ክፍተቱ ዙሪያውን እኩል ሲሆን ቡሎኑን አጥብቅ፣ መቆለፊያውን መልስና ቀለበቱ መሀል ለመሀል እስኪገባ መቆለፊያውን አስተካክል። ማለትም መቆለፊያው ወደ ኮፈኑ ይምጣ፣ ኮፈኑ ወደ መቆለፊያው አይሂድ።

ለክፍተቱ 4 ሚሊ አካባቢ ደህና ነው። ካርቶን ደርበህ ቁረጥና እንደ መለኪያ ዙሪያውን አሳልፈው፣ ዓይን ያታልላል።

ብድግ ያለው ጥግ ደግሞ፣ ከፊት በግራና በቀኝ ኮፈኑ የሚያርፍባቸው እየተሽከረከሩ ከፍ ዝቅ የሚሉ ጎማዎች አሉ። የግራውን ዝቅ አድርገው። ጎማው ጨርሶ ወርዶም ጥጉ ብድግ ካለ ያኔ ኮፈኑ ከቅርጹ ሲወጣ ተጣሞ ነው የወጣው፣ ያ የሻጩ ጥፋት ነው።

«ቡሎን ሲጠብቅ ቁጭ ይላል» ላለህ ሰው፣ ላሜራ ታጥፈዋለህ፣ እሺ ይልሃል። ካርበን ግን ቂም ይይዛል። ዛሬ በግድ አስተኝተኸው ትሄዳለህ፣ ከወራት በኋላ ቡሎኑ ዙሪያ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ታያለህ።

ስትሠሩ ሁለት ሰው ይያዘው፤ የፓራፋንጎው ጠርዝና መስታወቱ ሥር ያሉት ጥጎች ላይ ቴፕ ለጥፋችሁ ጨርቅ ደርቡ። የድሮውን ከማውረዳችሁ በፊት ማጠፊያው የት እንዳለ በማርከር ዙሪያውን ምልክት አድርጉ። ወደ ድሮው መመለስ ቢያስፈልግ ቦታው አይጠፋም። ክሊሩም (ከላይ የሚነፋው ጥርት ያለ ቀለም)፣ ፒኑም፣ ሌላውም ከዚህ በኋላ ነው። ያልተገጠመ ዕቃ አይቀባም።

የሮቢት_ልጅ

ወንድሜ፣ ሞራልህን መንካት አልፈልግም፣ ግን የሚሰማኝን ልንገርህ። የ350ዜድ ኮፈን ከፋብሪካው አሉሚኒየም ነው። ስለ ካርበን ኮፈን የሚወራው የክብደት ቅናሽ ሁሉ የብረት ኮፈን ላላቸው መኪኖች ነው። ብረት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 7.8 ግራም ገደማ ነው፣ አሉሚኒየም 2.7፣ በደንብ የተሠራ ካርበን ክሩን ከሚይዘው ሙጫ (ሬዚን) ጋር 1.6 አካባቢ። ከብረት ወደ ካርበን ትልቅ ዝላይ ነው። ከአሉሚኒየም ወደ ካርበን ግን ጥቂት ኪሎ ነው የምታተርፈው፣ እሱም ዕቃው ጥሩ ከሆነ። መኪናዋ ራሷ ወደ 1,500 ኪሎ ትጠጋለች።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። እውነተኛ ካርበን ከፈለግክ ከሥርህ አለልህ። የ350ዜድ ከማርሽ ሳጥኑ ወደ ዲፈረንሻሉ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ ከፋብሪካው በካርበን ፋይበር የተሠራ ነው። ኒሳን ካርበኑን ያዋለው ሥራ የሚሠራበት ቦታ ላይ ነው።

ፍጥነት ከሆነ ያማረህ፣ ሞተርህ ከፋብሪካ ሲወጣ 287 ፈረስ ጉልበት ነበረው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ ጉልበቱን በዚያው ልክ ያጣል። ወደ 70 ፈረስ ጉልበት ገደማ አየሩ ወስዶብሃል። የኮፈን ኪሎ ይህን አይመልስም። ጣርማበርን አልፈህ ወደ ደብረ ሲና ስትወርድ፣ ከዚያም እስከ ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ድረስ፣ የሚያድንህ ፍሬን ነው። ብሩን ለጥሩ የፍሬን ሸራ፣ ለአዲስ የፍሬን ዘይትና ለጎማ አውለው። ያንን ቁልቁለት ስንት ጊዜ አብረን ወርደነዋል፣ የፍሬን ሽታ ሳይሸተን ያለፍንበት ቀን የለም። ለዚህ ነው የምጨቀጭቅህ።

ዘብርሃን_350

@ጋሽ_ባቲላሜራ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ መቆለፊያውን ማውለቅ ማንም አልነገረኝም ነበር። እንዳሉት አደርጋለሁ።

@የሮቢት_ልጅ ወንድሜ፣ ሐሳብህ ገብቶኛል። ፍሬኑ በቅርብ ተቀይሯል፣ ጎማውም ደህና ነው። ለክብደት ብዬ አይደለም የገዛሁት። ይህችን መኪና ወድጃታለሁ፣ ካርበኑም ያምርባታል፣ በቃ። ግን ሲያምር በትክክል ተገጥሞ ይመር ነው የምለው።

ሶማሌ_ተራ_ቁጥር_ሁለት

ዕቃ ሻጭ ነኝ፣ መርካቶ። ከመገጣጠምህ በፊት የገዛኸው ምን እንደሆነ እወቅ። «ካርበን» እየተባለ የሚሸጥ ብዙ ዓይነት ነገር አለ።

የመጀመሪያው ፕላስቲክ ወይም ፋይበር ግላስ ላይ የካርበን ሥዕል ያለው ፊልም የተለጠፈበት ነው። ፀሐይ ላይ አውጣና አዘንብለህ ተመልከተው። እውነተኛ ሽመና ብርሃኑ ሲዞር አንዱ ክር ይበራል፣ ጎረቤቱ ይጠቁራል፣ ስታዞረው ይገለባበጣሉ። የታተመው አንድ ዓይነት ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው፣ በብዛት የሚገኘው፣ ከላይ አንድ ንብርብር እውነተኛ ካርበን ሆኖ ከሥሩ በሙሉ ፋይበር ግላስ ነው። ይህ ማጭበርበር ነው አልልም፣ ዋጋውም ያንን ይናገራል፤ ችግሩ ሙሉ ካርበን ነው ተብሎ ሲሸጥ ነው። ኮፈኑን ገልብጠው። ከሥሩ ጥቁር ቀለም የተቀባ ከሆነና ጠርዙ ላይ ቀለሙ ሲፋቅ ነጣ ያለ ወይም አረንጓዴ ቢጤ ነገር ከታየ ፋይበር ግላስ ነው። እንደዚህ ያለው ኮፈን ከአሉሚኒየሙ ሊከብድም ይችላል። ሁለቱን ሚዛን ላይ አውጣቸው፣ ክርክሩ እዚያው ያልቃል።

ሦስተኛው በቫኩም ሬዚን የተሳበበት ወይም አስቀድሞ ሬዚን የጠጣ ጨርቅ በግፊትና በሙቀት ምድጃ የተጋገረ ነው። ቀላል ነው፣ ወጥ ነው፣ ውስጡ የአየር ጉድጓድ አይበዛበትም። ዋጋው ግን ሌላ ዓለም ነው።

የአንተን የሥር ፎቶ ላክልን።

ዘብርሃን_350

ገልብጬ አየሁት። ከሥሩ ጥቁር ቀለም ነው፣ ጠርዙ ላይ ትንሽ ስፈቀው ነጣ ያለ ክር ወጣ። ሁለተኛው ዓይነት መሆኑ ነው። ሚዛን ላይም አወጣነው፣ ከአሉሚኒየሙ ጋር ያለው ልዩነት የሚወራለት አይደለም። @የሮቢት_ልጅ በዚህ በኩል እውነትህን ነው። ከላይ ያለው ሽመና ግን እውነተኛ ነው፣ ደስ ይላል።

ኬሚስቷ

ሁላችሁም ስለ ክብደት አወራችሁ፤ እኔ ስለ ፀሐይ ላውራ። ሙያዬ ነው፣ ደግሞ የዚህ አገር ሰው ከማንም በላይ ሊያስብበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ደብረ ብርሃን ላይ ባሕር ዳርቻ ካለው 30 ከመቶ ያህል ይበልጣል ማለት ነው። ብርድ ስለሆነ ፀሐዩ ደካማ ይመስለናል፤ ሙቀትና ጨረር ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የካርበኑ ክር ራሱ በፀሐይ አይጎዳም። የሚጎዳው ክሩን የያዘው ሬዚን፣ ማለትም ኤፖክሲው ነው። መጀመሪያ ቢጫ ይላል፣ ቀጥሎ ድምቀቱ ይጠፋል፣ በመጨረሻ ላዩ እንደ ኖራ ይነጣል። ክሮቹ ከተጋለጡ በኋላ ውኃ በክሩ እየተከተለ ይገባል።

ስለዚህ ከፋብሪካ ሲመጣ ያብረቀርቃል ብለህ እንዳለ አትተወው። ያ ብልጭታ አብዛኛውን ጊዜ ከቅርጹ ሲወጣ የተገኘ የሬዚን ልስላሴ ነው እንጂ መከላከያ አይደለም። ባለ ሁለት አካል፣ ማለትም ማድረቂያው ለብቻ የሚቀላቀል፣ ጨረር የሚከላከል ፖሊዩሬቴን ክሊር አስቀባው፣ ሁለት ሦስት እጅ።

ቅደም ተከተሉ ላይ እባክህ ተጠንቀቅ። ኮፈኑ ከቅርጹ በቀላሉ እንዲላቀቅ ሰም ይቀባል፣ ያ ሰም ላዩ ላይ ይቀራል። ሰሙን ሳታጥብ በብርጭቆ ወረቀት ከፈተግከው ሰሙን ወደ ውስጥ ታስገባዋለህ፤ ክሊሩ ሲነፋ በየቦታው እየሸሸ የዓሣ ዓይን የሚመስል ክብ ክብ ጉድጓድ ያወጣል። መጀመሪያ ቅባት ማጽጃ፣ ሁለት ጊዜ፣ በንጹሕ ጨርቅ። ቀጥሎ 400 ከዚያ 600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውኃ። ጥቁር ዱቄት መውጣት ከጀመረ አቁም፣ ክሩን ነክተኸዋል። ትንንሽ ቀዳዳ ካየህ ስቱኮ እንዳታስገባ፣ ሽመናው ላይ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይቀራል፤ ጥርት ያለ ኤፖክሲ በጥርስ መፋቂያ ጠብ አድርግበት።

ክሊሩን ምድጃ ውስጥ ለማድረቅ ከፈለጉ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ አይለፍ። ርካሹ ኤፖክሲ በክፍል ሙቀት የደረቀ ስለሆነ ከዚያ በላይ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ የሽመናው ቅርጽ ላዩ ላይ ጎልቶ ይወጣል። ጥቁር ዕቃ ሮቢት ላይ ቀትር ላይ ቢቆም ብቻውን ወደ 70 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ ከሥሩ ደግሞ የሞተሩ ሙቀት አለ። ከሞተሩ በላይ ያለውን የኮፈኑን ሆድ ሙቀት በሚመልስ ፎይል ሸፍነው። ቆላ ስትወርድም ጥላ ፈልግ።

ብናኙም ጉዳት አለው። ሲፈተግም ሲበሳም አፍንጫና አፍ ይሸፈን፣ እጅጌ ይውረድ። ሳንባ ይጎዳል፣ ቆዳ ያሳክካል። ደግሞ የካርበን ብናኝ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ በደረቅ ፈትጎ በአየር የሚነፋ ጋራዥ ከሆነ ባትሪውና የኤሌክትሪክ ሳጥኖቹ አጠገብ አታስነፋ።

መሐል_ሜዳ

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ካርበን ከብረት ይጠነክራል ይባል የለ? የፎርሙላ ዋን መኪና አካል ከሱ ነው የሚሠራው። ታዲያ ዘብርሃን የፋብሪካው መቆለፊያ አይበቃ ይሆናል ብሎ ፒን የሚያስበው ለምንድን ነው?

ኬሚስቷ

@መሐል_ሜዳ ጥሩ ጥያቄ ነው። እውነትህን ነው፣ የእሽቅድምድም ቡድኑ ማክላረን በፈረንጅ 1981 ኤምፒ4/1 የሚባለውን መኪና አካሉን በካርበን ፋይበር ሠርቶ ወደ ፎርሙላ ዋን አመጣ፤ የመጀመሪያው እሱ ነበር። በዚያው ዓመት የቡድኑ ሹፌር ጆን ዋትሰን ጣሊያን፣ ሞንዛ ላይ ከባድ አደጋ ደርሶበት መኪናው ሁለት ቦታ ሲከፈል እሱ በእግሩ ሄዷል። ሰው ካርበንን ማመን የጀመረው ያኔ ነው።

ግን ጥንካሬው ያለው ክሩ በሚሄድበት አቅጣጫ ነው። ክሩን ስትጎትተው ኃይለኛ ነው። ንብርብሮቹን አንዱን ከአንዱ ልታላቅቅ ስትጎትት ግን የሚይዝልህ ሬዚኑ ብቻ ነው። የኮፈን ቀለበት የሚጎትተው ደግሞ በትክክል በዚያ አቅጣጫ ነው፣ ወደ ላይ፣ ንብርብሩን ከንብርብሩ ለማላቀቅ። ፎርሙላ ዋን ላይ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ውስጡ ብረት ተቀብሮ፣ ክሩ ዙሪያውን ተጠምጥሞ ነው የሚሠራው። ርካሹ ኮፈን ላይ ቀለበቱ በማጣበቂያ ወይም በሁለት ቡሎን ስስ ፋይበር ግላስ ላይ ነው ያለው።

ዘብርሃን_350

እንግዲህ የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ጋሼ እንዳሉት መቆለፊያውን አውልቀን፣ ማጠፊያዎቹን አላልተን፣ የቀኙን ወደ ፊት የግራውን ወደ ኋላ አደረግን። ካርቶኑ ዙሪያውን በእኩል አለፈ! አንድ ሚሊ እንኳን በሞረድ አልነካነውም። የግራው ጎማ ሲወርድ ጥጉም ተኛ። ወገኖቼ፣ ያ ሰውዬ ይህን ጠርዝ ሊበላው ነበር።

ግን ሌላ ነገር አየሁ። ኬሚስቷ ያለችው ቀለበት ያለበትን ቦታ በእጅ ባትሪ ሳይ፣ ከሁለቱ ቡሎኖች በአንደኛው ዙሪያ ነጣ ያለ ክብ ምልክት አለ። በጥፍሬ ስመታው ሌላው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ እዚያ ላይ ግን የፈዘዘ፣ ባዶ ነገር ላይ የሚመታ የሚመስል። መቆለፊያውን ዘግቼ ወደ ላይ ስስበው በዓይን የሚታይ ነገር የለም። ልንዳው ወይስ አልንዳው?

ጋሽ_ባቲላሜራ

አትንዳው።

ያ ነጭ ክብ ንብርብሩ መላቀቅ መጀመሩ ነው። ድምፁም ያንኑ ነግሮሃል። በከተማ ውስጥ ቀስ ብለህ ብትሄድ ምንም አይልህ ይሆናል። ጣርማበር ላይ ግን ዋሻውን ስትወጣ ነፋሱ ከጎን ይመታሃል፣ ወዲያው ደግሞ ሲኖትራክ ከፊትህ ሲያልፍ አየሩን ይዞት ይመጣል። ኮፈን በዚያ ሰዓት ተነሥቶ መስታወቱን ከሸፈነብህ መንገዱን አታይም፣ ገደሉ የት እንዳለ አንተም ታውቀዋለህ። ፍጥነትህ እጥፍ ሲሆን ነፋሱ ኮፈኑን የሚያነሣበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። በ40 ያልተነሣ በ80 አይነሣም ማለት አይደለም።

ቀለበቱን አውልቀው። የተላቀቀውን ክፈት፣ ኤፖክሲ አስገባበት፣ በክላምፕ ጨምቀው ይደር። ከኮፈኑ የውስጥ ሽፋን በላይና በታች ሰፋ ያለ ሳህን አስገባና ቀለበቱን በሱ ላይ እሰር። ጉልበቱ በሁለት ቡሎን ጫፍ ላይ ከሚያርፍ በመዳፍ ስፋት ይከፋፈል። ይህም ሆኖ ፒን ግድ ነው። ፋይበር ግላስ ላይ ለታሰረ መቆለፊያ የልጄን ነፍስ አልሰጥም።

ኬሚስቷ

ሳህኑ አሉሚኒየም ከሆነ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ካርበን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ አሉሚኒየም እርጥበት ባለበት ከካርበን ጋር ሲነካካ እንደ ባትሪ ይሠራሉ፣ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ነጭ ዱቄት እያወጣ ይላላል። ጉምና ጤዛ በማይጠፋበት አገር ይህ ጨዋታ አይደለም። የማይዝግ ብረት ሳህንና ቡሎን ተጠቀሙ። አሉሚኒየም ብቻ ከተገኘ በመሀሉ አንድ ንብርብር ፋይበር ግላስ በኤፖክሲ አስገቡ፤ ፋይበር ግላስ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ቡሎኑ ሥርም የናይለን ሮንዴላ ይግባ። ማጠፊያው ላይ ላሉት አራት ቡሎኖችም ይኸው ነው።

ሶማሌ_ተራ_ቁጥር_ሁለት

ፒኑን ስትገዛ ገመድ ያለውን ያዝ፣ አለዚያ ቅንጥቡ ይጠፋብሃል። አበሳሱን ብዙ ሰው ስለሚያበላሸው ልጨምር። ዘንጎቹን መጀመሪያ ራዲያተሩን በተሸከመው ብረት ላይ እሰር። ጫፋቸውን ግራሶ ቀባና ኮፈኑን ቀስ ብለህ አውርደው። ግራሶው ከሥር ምልክት ያደርግልሃል፣ መበሳት ያለበት እዚያ ነው። በሜትር ለክቶ ከላይ የሚበሳ ሰው አይንካልህ። ከላይ የምትበሳው ቦታ ላይ ቴፕ ለጥፍ፣ ከሥሩ እንጨት ደግፍ፣ በቀጭን ስለታም መሰርሰሪያ ጀምረህ በየደረጃው አስፋ። ትራፓኖውን አትጫነው፣ ከተጫንከው በሌላው ወገን ሲወጣ ክሩን ይተረትረዋል። የተበሳውን ዙሪያ በኤፖክሲ ወይም በክሊር ዝጋው፣ ውኃ የሚገባው በዚያ ነው።

የሮቢት_ልጅ

ፒኑ ላይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ያንን መንገድ የማያውቅ ነው የሚከራከረው።

ስለ ከንፈሯ ግን ማንም አላነሣም። እሷን እንኳን ተዋት። ኮብልስቶኑ አለ፣ በየከተማው መግቢያ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለ፣ 350ዜድ ደግሞ ድሮም መሬት የምትነካ መኪና ናት። በሁለት ሳምንት ትሰበራለች።

ጋሽ_ባቲላሜራ

ከንፈሯ ትገጠም፣ ግን በማጣበቂያ አይሁን። የመስታወት ማጣበቂያ ፖሊዩሬቴን ጥሩ ነው፣ ኋላ ላለ ስፖይለር እኔም እጠቀምበታለሁ። ከንፈር ላይ ግን ጉብታ ሲመታት ፓራውልቱን ይዛ ትገነጠላለች። በትንንሽ ቡሎንና በሰፊ ሮንዴላ ከሥር ትታሰር፣ ቀዳዳዎቹ ከቡሎኑ ሰፋ ይበሉ፣ በመሀሉ ስስ ጎማ ይግባ። ስትመታ ትንሽ ትንቀሳቀስ። ሩቅ መንገድ ስትሄድ ፈተህ ቤት ታስቀምጣታለህ። ፖርታባጋሊዮ ክዳኑ ላይ ግን ዘና በል፣ ነፋስ እንደ ኮፈኑ ገልብጦ አይከፍተውም። እዚያ የምታየው ጎማው ዙሪያውን መያዙንና ውኃ አለማስገባቱን ነው።

አዘጋጉንም ልብ በል። የድሮውን ኮፈን ከላይ ለቀህ ነበር የምትዘጋው። ይህን ግን እንደዚያ አትልቀቀው፣ መሀሉን በአንድ እጅ ከጫንከው ደግሞ ይሰነጠቃል። ሁለት መዳፍህን መቆለፊያው ካለበት በላይ አድርገህ ተጫን።

ሶማሌ_ተራ_ቁጥር_ሁለት

የአሉሚኒየሙን ኮፈን ደግሞ እንዳትሸጠው። ከ2024 ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር አይገባም፤ ነገ የሚፈታታ 350ዜድ ከየት ይመጣል? ካርበን በአደጋ አይጎብጥም፣ ይሰበራል፤ በመዶሻ አይቀናም። በብርድ ልብስ ጠቅልለህ አቁመህ አስቀምጠው፣ አታስተኛው። ሊብሬህ ላይ የተጻፈውን ቀለምም አትርሳ። ኮፈኑም ክዳኑም ጥቁር ሲሆን ምርመራ ላይ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል፣ ቦሎ ከማሳደስህ በፊት ሄደህ ጠይቅ።

ዘብርሃን_350

ቀለበቱን አወለቅነው። የተላቀቀው ከጥፍሬ ስፋት ይበልጥ ነበር፣ ስፓቱላ ውስጥ ድረስ ገባ። ኤፖክሲ ገብቶበት ተጨምቆ እያደረ ነው። ከማይዝግ ብረት ሁለት ሳህን አስቆርጫለሁ። ፒን ከሶማሌ ተራ እየመጣልኝ ነው፣ ገመድ ያለው። እስከዚያ መኪናዋ በድሮው ኮፈኗ ትሄዳለች፣ ማጠፊያው ላይ ምልክት ስለነበር መመለሱ ደቂቃ አልፈጀም።

@ጋሽ_ባቲላሜራ ጋሼ፣ ሳህኑ ሲታሰር እርስዎ ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል። እዚሁ ጠባሴ የት ጋር ነው የማገኝዎት?

ጋሽ_ባቲላሜራ

በውስጥ መስመር አድራሻ እልክልሃለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ና፣ ኤፖክሲው በደንብ ይደርቅልሃል። ክሊሩን ግን ከዚያ በፊት እንዳታስነፋ፣ ፒኑ ሳይበሳ ክሊር አይነፋም። ካርቶኑንም ይዘኸው ና።